የሰኔ ሠላሳው ቼክ

«በወር ሁለት ሺህ አምስት መቶ፤ የሦስት ወር ቅድሚያ ከፍሎ ነገ ጠዋት ዕቃውን ይዞ ይገባል» አለች መስታወት። ጥሩሸዋ ከግድግዳው ወዲህ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ካልሲዋን እየሳበች ነበር። የጭቃ ግድግዳ ደግሞ ብርድም ወሬም አይከለክልም። የምትከራየው ክፍል እንግዲህ ይቺው እሷ የተቀመጠችባት ናት። ቆርቆሮዋ፣ የብረት በሯ፣ የሲሚንቶ ወለሏ ሁሉ ባለፈው ሐምሌ የተሠራው በጥሩሸዋ የሥራ ስንብት ገንዘብ ነው። ወንድሟ ደመላሽ ያኔ ምስማር በጥርሱ እንደነከሰ «እታለም፣ ይቺ ክፍል ያንቺ ናት፤ እኔ በሕይወት እያለሁ ማንም ተነሺ አይልሽም» ብሎ ነበር። አሁን ለሚስቱ ምን እንደሚመልስ ለመስማት ጥሩሸዋ ትንፋሿን ዋጥ አደረገች።  የደመላሽ የስፌት መኪና ፔዳል መንቀጫቀጭ ጀመረ። መልሱ ይኸው ነው እንግዲህ። ሌላ ሰው ቢሆን «ለሰው ሞት አነሰው» ብሎ በሩን አላትሞ ይወጣ ነበር፤ እሷ ግን ሁለተኛውን ካልሲም አጠለቀች፤ ጫማዋንም አሠረች።

መስታወትን ክፉ ናት ብሎ መገላገልም አይቻልም። ደመላሽ ልብስ ሰፊ ነው፤ መስከረም ላይ የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋል፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ዓመት ዚፕ መቀየርና ሱሪ ማሳጠር ነው። ሁለት ልጆች ትምህርት ቤት ናቸው፤ የአበዳሪው ተቋም ሰዎች ደግሞ ወር በገባ ቁጥር ደጃፉን ይመላለሱበታል። ዕዳ ያለበት ዝላይ አይችልም። መስታወት ኩንታሉ ገብስ ስንት እንደገባ፣ ዘይቱ በሊትር ስንት እንደጨመረ ስታሰላ ውላ ስታሰላ ታድራለች፤ ስታሰላ ስታሰላ ታዲያ ዓይኗ የጥሩሸዋ ክፍል ላይ ቢያርፍ ምን ይደንቃል? ጥሩሸዋ ራሷም ይኼን ታውቀዋለች። የከነከናት ክፍሉ መከራየቱ አይደለም፤ የስፌት መኪናው ድምፅ ነው።

ያም ሆኖ ዛሬ ጠዋት ጥሩሸዋ ተስፋ ነበራት። የካምፕ ወጥ ሠሪ ነበረች፤ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ የነበረ አንድ የመንገድ ሥራ ድርጅት ውስጥ አሥራ አራት ዓመት ድስት ላይ ቆማለች። ድርጅቱ መንገዱን ሳይጨርስ ገንዘቡን ጨረሰና ካምፑን ዘጋ። እስከ መጨረሻው የቆየው አሥራ አንድ ሠራተኛ ስንብቱን ይዞ ተበተነ። ግብሩ ሲቆረጥ ታዲያ የዚያ ሁሉ ዓመት ስንብት እንደ አንድ ወር ደመወዝ ተቆጥሮ ነበርና፣ ወጥ ሠሪዋም ዘበኛውም የሥራ አስኪያጅ ያህል ተቆረጠባቸው። ጥሩሸዋ በሕይወቷ ሥራ አስኪያጅ የሆነችው በዚያች ቀን ብቻ ነው። በኋላ አዲስ መመሪያ መጣ፤ ስንብት በየወሩ ተከፋፍሎ ይሰላ፣ በትርፍ የተቆረጠው ለባለቤቱ ይመለስ የሚል። የድርጅቱ ሒሳብ ሹም የነበሩት ጋሽ በኃይሉ የአሥራ አንዱንም የግብር ማስታወቂያ እንደገና አሻሽለው አስገቡላቸው። የጥሩሸዋ ተመላሽ አሥራ አራት ሺህ ስድስት መቶ ሃያ ብር ነው። የአሥሩ ሰዎች ባለፈው ሳምንት ባንክ ገባላቸው። የሷ አልገባም፤ ከገቢዎች ጽሕፈት ቤት «ሐሙስ መጥተሽ አናግሪን» ብለው ስልክ ደውለውላታል።

ያቺን ገንዘብ የምታደርግበትን ደግሞ አሳምራ ታውቃለች። ከመናኸሪያው ፊት ለፊት የወይዘሮ አየለች አንዲት ክፍል አለች፤ ፊቷ ወደ መንገድ፣ ከኋላ አንድ አልጋ የምታስዘረጋ ጓዳ ያላት። በወር ሁለት ሺህ አራት መቶ፣ የስድስት ወር ቅድሚያ። የደብረ ብርሃን ሚኒባስ ሾፌሮች ጠዋት በውርጭ እጃቸውን እያፋተጉ ትኩስ ነገር ሲፈልጉ አይታለች፤ ሃምሳ ሰው ያበላች ሴት አሥር ሾፌር ማብላት አያቅታትም። በራሷ በር ውስጥ ታድራለች፤ ከሰው ግድግዳ ወዲህ ተቀምጣ ስለራሷ ሲወራ አትሰማም። ወይዘሮ አየለች «እስከ ሐሙስ ማታ እጠብቅሻለሁ፤ ገንዘቡ እንኳ ባይደርስ የመንግሥት ወረቀቱን አሳዪኝና ቁልፉን እሰጥሻለሁ። ከዚያ ካለፈ ሌላ ሰው አለ» ብለዋታል። ሐሙስ ዛሬ ነው።

ስትወጣ መስታወት ደጃፉ ላይ ገብስ እያበጠረች ነበር። ዓይን ለዓይን አልተያዩም። «እትዬ፣ በሶ አይቀምሱም?» አለቻት፤ ጥሩሸዋ «ቆይቼ» አለች፤ ጾሙ የነቢያት ነው፣ ብትቆይም አትነወርም። ደመላሽ ከመኪናው ሥር ክር ያነሳ መስሎ አጎንብሶ ነበር። ባጃጅ ሃያ ብር ነው፤ ሃያ ብር ደግሞ ሁለት ዳቦ ነው ብላ በእግሯ ወረደች። ታኅሣሥ በመንዝ እንደሚታወቀው ነው፤ ፀሐይዋ ወጥታም ለታይታ እንጂ ለሙቀት አይደለችም። የሜዳው ሣር ከውርጩ የተነሣ ገና ነጭ ነበር። ጽሕፈት ቤቱ ደርሳ በረንዳው ላይ ሰባተኛ ወረፋ ያዘች። ከፊቷ ያለ የበግ ነጋዴ የሙክት ዋጋ ለገና ስንት እንደሚገባ፣ ከሱ ፊት ያለችው ሴት ደግሞ የመብራት ቆጣሪዋ እንዴት እንዳበደ ያወራሉ። ጥሩሸዋም ገባችበት፤ «ቆጣሪ ሲያብድ ወደ ላይ ነው፤ ወደ ታች ያበደ ቆጣሪ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?» አለች፤ ሳቁ። ሳቋን ራሷ ሰምታ ደስ አላት። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም ብላ አሰበች፤ ክፍሏን ሲወስዱባት ክፍል ሊሰጣት ነው።

ያስተናገዳት ታዲዮስ የሚባል ልጅ እግር ሠራተኛ ነው፤ ጋቢ ከኮቱ በላይ ደርቧል፣ ከጠረጴዛው ሥር እግሩን እያሻሸ። ልጁ ባለጌ አይደለም። ተነሥቶ ወንበር ሳበላት፤ ፋይሏን አውጥቶ ሁለት ጊዜ ገለጠው። ሁለተኛውን ጊዜ የገለጠው የሚያነበው ኖሮት ሳይሆን ቀና ብሎ ማየት ስለከበደው ነው፤ ጥሩሸዋ ይኼን ዓይነት ፊት ታውቀዋለች፣ ካምፑ ሲዘጋ አለቆቹ ሁሉ ይኼን ፊት ነበር የያዙት።

«እናቴ፣ የእርስዎ ውድቅ ሆኗል።»

«ውድቅ ማለት?»

«አይመለስም። መመሪያው የሚሠራው ከሐምሌ አንድ ጀምሮ ለተከፈለ ስንብት ነው። አሥሩ ሰዎች የተከፈሉት ሐምሌ አንድ ነው። የእርስዎ የክፍያ ማዘዣ ግን ሰኔ ሠላሳ ይላል።»

«ሰኔ ሠላሳና ሐምሌ አንድ እኮ» አለች ጥሩሸዋ፣ ጣቷን እንደሚቆጥር ሰው አንሥታ፣ «ማታና ጠዋት ነው።»

«ማታና ጠዋት ነው» አለ ታዲዮስ። «ግን የበጀት ዓመቱ የሚዘጋው በዚያች ማታ ነው። ምነው ለብቻዎ ቀደም ብለው ተቀበሉ? ሁሉም አንድ ቀን አልነበረም እንዴ?»

 ምክንያቱን ከሷና ከጋሽ በኃይሉ በቀር የሚያውቀው የለም፤ ሥሩን ደግሞ ጋሽ በኃይሉም አያውቁትም። ወር በገባ ባንድ ልደታ ናት። ጥሩሸዋ በልደታ ቀን እጇን ለገንዘብ አትዘረጋም፤ አትቀበልም፣ አትሰጥም፣ አትፈርምም። ካምፑ ውስጥ የደመወዝ ቀን አንድ ላይ ሲውል የሷ ይቆይ ነበር፤ ጓደኞቿ «ልደታ ባንክ ከፍታለች እንዴ?» እያሉ ይስቁባት ነበር። የስንብቱ ቼክ ሐምሌ አንድ ይሰጣል ሲባል ግን ማቆየት አልተቻለም፤ ጋሽ በኃይሉ በማግስቱ ማኅተሙን ይዘው ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ሊሄዱ ነበር። ስለዚህ ለምናቸው፣ እጃቸውን ስማ፣ የሷን አንድ ቀን አስቀድመው ጻፉላት። «ሰኔ ሠላሳም እኮ ዮሐንስ ነው» ብለው ቀልደውባት ነበር። «የኔ ቃል ከልደታ ጋር ነው» አለቻቸው። ያንኑ ዕለት ባንክ ሄዳ አወጣችው፤ በማግስቱ ሌሎቹ ሲሰለፉ እሷ ቤተ ክርስቲያን ስታስቀድስ ውላ፣ ነገሬ ሁሉ አማረ ብላ አመስግና ተመለሰች።

ለታዲዮስ ይኼን ሁሉ እንዴት ይነገረዋል? «እንዲያው ቀደም አልኩ» አለችው። ልጁ ራሱን ነቀነቀ። የማሻሻያው መዝገብ ነገ ዓርብ እንደሚዘጋ፣ ከድርጅቱ ቀኑን የሚያስተካክል ማስረጃ ካለ እስከዚያ ማምጣት እንደምትችል ነገራት። ይኼን የተናገረው እንዲሁ ለማጽናኛ ነበር፤ ጥሩሸዋ ግን ቃል በቃል ያዘችው። የሚሰምጥ ሰው ያገኘውን ነው የሚይዘው። ከበረንዳው ስትወርድ የበጉ ነጋዴ «እንዴት ሆነልሽ?» ሲላት «ወረቀት ጎደለ» አለችው።

ጋሽ በኃይሉ ዋናው መሥሪያ ቤት መልሶ ልኳቸው ኅዳር ላይ መጥተው ነበር፤ አሁን የካምፑን ቀሪ ጣጣ የሚያጣሩት ከገበያው ጀርባ በተከራዩአት አንዲት ክፍል ውስጥ ሆነው ነው። ክፍሏ እስከ ጣሪያው ድረስ የፋይል ካርቶን ናት፤ ለሰው የተረፈው አንድ በርጩማና አንድ አልጋ ነው። ሚስታቸው አዲስ አበባ ልጃቸው ዘንድ ናቸው፤ እሳቸው የምስር ወጥ በኩባያ እያሞቁ ይኖራሉ። ጥሩሸዋን ሲያዩ ደስ አላቸው፤ አሥራ አራት ዓመት ያጎረሰች ሰው ናት። ነገሩን ስትነግራቸው ግን መነጽራቸውን አወለቁ።

«ጥርዬ፣ በእናቴ ረስቼዋለሁ። አሥራ አንዳችሁንም ባንድ ላይ ሐምሌ አንድ ብዬ ነው የሞላሁት። ማዘዣሽን ከሥር አያይዤ ነው ለካ! ወይ ሽምግልና!»

 ሰውየው ክፍሉን ለመዞር ፈልገው ቦታ ስላጡ ባሉበት ቆመው ተቀመጡ። ከዚያ ከአልጋቸው ሥር ያለውን ሻንጣ በቁልፍ ከፍተው ማኅተሙን አወጡ። ካምፑ ቢዘጋም ማኅተሙ ገና አልተመለሰም። ሐሳባቸው ቀላል ነው፤ የክፍያ ማዘዣው ላይ ሰኔ ሠላሳ የተባለው በጽሕፈት ስሕተት ነው፣ ክፍያው የተፈጸመው ሐምሌ አንድ ቀን ነው ብሎ ደብዳቤ መጻፍ። «ወረቀት ያበላሸውን ወረቀት ያስተካክለዋል። ማን ባንክ ድረስ ሄዶ ያጣራል? ስርቆት እኮ አይደለም፣ የራስሽ ገንዘብ ነው!» አሉ። እዚህ ላይ ድምፃቸው ከፍ ያለው ራሳቸውን ለማሳመን ነበር፤ አርባ ዓመት ሒሳብ የሠሩ ሰው ናቸው፣ ቀን ለውጠው አያውቁም። ለወጥ ሠሪዋ ሲሉ ለወጡ። በብዕር ጻፉት፤ ሲጨርሱ አነበቡላት። ከግርጌው እሷም መፈረም አለባት፤ «እኔ ስሜ ከላይ የተጠቀሰው ሐምሌ አንድ ቀን የስንብት ገንዘቤን በእጄ መቀበሌን አረጋግጣለሁ።»

በእጄ። ጥሩሸዋ ብዕሩን ይዛ ቆየች። እናታቸው ስትሞት ደመላሽ ሦስት ዓመቱ፣ እሷ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። ስድስት ዓመት ሲሞላው ተስቦ ያዘውና ሰባት ቀን ሰው አላውቅ አለ፤ ጎረቤቶች «ልጁን ተዪው፣ አንቺ ተርፊ» ማለት ጀምረው ነበር። በስምንተኛው ቀን ወር ገባ። ያኔ ነው ከልደታ ደጃፍ ተንበርክካ «ይኼን ልጅ ስጪኝ እንጂ በቀንሽ እጄን ለገንዘብ አልዘረጋም» ያለችው። የድሃ ልጅ ሌላ ምን አላት የምትሳለው? ጥላ አታስገባ፣ በግ አትነዳ። ልጁ ማታውን ውሃ ጠየቀ። ይኸው ሠላሳ አንድ ዓመት፤ ለደመላሽም አልነገረችውም፣ ስዕለት በተሳሉለት ሰው ጆሮ አይወራም ብላ። እና አሁን ወረቀቱ የሚለው «ዘርግቻለሁ» ነው። ውሸት ነው፤ ግን ማርያም ፊት የፈረሙት ውሸት ቀላል ነው? ጋሽ በኃይሉ «ምነው ጥርዬ?» አሉ። የወይዘሮ አየለች ክፍል በዓይኗ መጣ፤ የስፌት መኪናው ድምፅ በጆሮዋ መጣ። «የቸገረኝን አንቺ ታያለሽ» አለች፣ ለማን እንዳለች ጋሽ በኃይሉ አልገባቸውም፤ ፈረመችም። ማኅተሙ ላይ ሰውየው ሁለቴ ተነፈሱበትና ረገጡት። አጥፈው አቀበሏት። ሳታመነታ ተቀበለች፤ ይኼው አስፈራት።

ከምሳ ሰዓት በኋላ ጽሕፈት ቤቱ እስኪከፈት በረንዳው ላይ ተቀመጠች። ረኃብ ተሰምቷት ነበር፤ ከመንገዱ ማዶ ጾም ፍርፍር ሰማንያ ብር ነው፣ ተወችው። ታዲዮስ መጥቶ ከፈተ፤ ሲያያት ፊቱ ፈካ ብሎ መልሶ ጨለመ። ደብዳቤውን ተቀብሎ አነበበ። ደግሞ አነበበ። ከዚያ ተነሥቶ በሩን ዘጋና ተመልሶ ተቀመጠ፤ ይኼን ጊዜ ጥሩሸዋ ገባት።

«እናቴ፣ ተመላሹ በባንክ ስለሚገባ የአሥራ አንዳችሁን መዝገብ ባንኩ ልኮልናል» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የእርስዎ ቼክ ሰኔ ሠላሳ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ተመንዝሯል። ፊርማዎ አለበት። ይቺን ከፋይሉ ካስገባኋት ሐሰተኛ ሰነድ ናት፤ እርስዎም ጋሽ በኃይሉም ትከሰሳላችሁ። እኔ አላየኋትም። ይውሰዷት፣ ዛሬውኑ ያቃጥሏት።»

«ሌላ የሚነግሩት ሰው የለም? ከበላይ?»

«ቅሬታ ማቅረብ መብትዎ ነው። ቅጹን እሰጥዎታለሁ። ግን አልዋሽዎትም፣ ቀን ቀን ነው። እኔም ብሆን እንዲህ ባይሆን ደስ ባለኝ።»

ባለጌ ቢሆን እንዴት ደስ ባላት! ባለጌን ሰድበውት ይወጣሉ፤ ባለጌ ቢያንስ የሚያስጮኽ ነገር ይሰጣል። ይኼ ግን እስከ በሩ ሸኛት፣ ደረጃው ላይ ክንዷን ያዘላት። ጥሩሸዋ ግቢውን አቋርጣ ከአጥሩ ጥግ ስትደርስ አለቀሰች፤ ድምፅ ሳታሰማ፣ ጋቢዋን እስከ ዓይኗ ድረስ ስባ። ያለቀሰችው ለአሥራ አራቱ ሺህ አልነበረም። ሠላሳ አንድ ዓመት የጠበቀችውን ቃል ሸጣ የዋጋውን ሳንቲም እንኳ አለማግኘቷ ነው ያቃጠላት። ከሁለት ያጣ ጎመን ሆነች። ሰው እምነቱን ሲሸጥ ይከፈለዋል ሲባል ነበር የምትሰማው።

ወይዘሮ አየለች መናኸሪያው ጋ በረንዳቸው ላይ ነበሩ። ገና ከሩቅ አይተዋት የመጣውን ከአረማመዷ አወቁት መሰለኝ፣ ቁልፉን ከጠረጴዛው ላይ አንሥተው ቀሚሳቸው ኪስ ውስጥ ከተቱ። «አልሆነም?» አሉ። «አልሆነም» አለች። ሁለት ወር ቅድሚያ ከፍዬ የቀረውን እየሠራሁ ልክፈል ብላ ለመጠየቅ አስባ ነበር፤ ግን የሁለቱም ወር የላትም፤ ከንፈሯን ከፍታ ዘጋችው። ሴትየዋ «ልጄ፣ እኔም መድኃኒት የምገዛው በዚችው ክፍል ነው» አሉ፤ እውነታቸውን ነው፣ ስኳር አለባቸው። የስልክ መሸፈኛ የሚሸጥ ወጣት ማታውን ይረከባል። ጥሩሸዋ ክፍሏን በተከፈተው በር አንድ ጊዜ ውስጧን አየቻት። ምድጃውን የት እንደምታደርግ፣ አግዳሚውን በየት በኩል እንደምትዘረጋ ከወር በፊት ወስናው ነበር። «ይባርክልዎ» ብላ ሄደች።

ወደ ቤት የሚወስደው መንገድ በልደታ ደጃፍ ያልፋል። በሌላ ቀን ቢሆን አጥሩን ሳትሳለም አታልፍም። ዛሬ ከመንገዱ ማዶ በኩል፣ ከአህያና ከጋሪ መካከል ገብታ አንገቷን ደፍታ አለፈች። በምን ፊቷ? ደብዳቤውን ከአንድ ዳቦ ጋጋሪ ምድጃ ውስጥ ጣለችው፤ ዳቦ ጋጋሪዋ ምን ወረቀት እንደሆነ አልጠየቀችም። ወረቀቱ ነደደ፤ ፊርማዋ ግን ከወረቀቱ ቀድሞ የደረሰበት ቦታ ደርሷል ብላ አመነች። አሁን የሚያስፈራት ቁጣው በማን ላይ እንደሚወርድ ነው። እሷማ ምን ቀርቷት? ስዕለቱ ለማን ሆነና ነው? ይኼን ስታስብ እግሯ ፈጠነ። ዳገቱን ያለ ዕረፍት ወጣችው።

ቤት ስትደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ተቃርባ ነበር። ደመላሽ ጤና ነው፤ ከመኪናው ላይ ተቀምጦ ክር በጥርሱ ይበጥሳል። ልቧ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ተከራዩ ክፍሉን ለማየት ቀደም ብሎ መጥቷል፤ መርስዔ ኃዘን የሚባል፣ ከጤና ጣቢያው የተቀጠረ ጨዋ ልጅ ነው። የጥሩሸዋ ፍራሽ ተጠቅልሎ ከጓዳው በገብሱ ማዳበሪያዎች መካከል ቆሟል፤ መስታወት ልብሷን አጣጥፋ ከላዩ አስቀምጣዋለች፣ በጥንቃቄ፣ የሰው ዕቃ እንደሚያጥፍ ሰው። ልጁ ጥሩሸዋን ሲያይ ከወገቡ ዝቅ ብሎ ሰላምታ ሰጣት። «እናቴ፣ እርስዎ ኖረውበታል አሉኝ። ዝናብ ያስገባል እንዴ?» አላት። መስታወት ወደ መሬት አየች፤ ፔዳሉም ቆመ። ጥሩሸዋ ቀና ብላ ቆርቆሮውን አየችው። «አያፈስም። በደንብ ነው የተመታው። በዚያ ጥግ በኩል ሲነፍስ ብርድ ይገባል፣ ጨርቅ ወትፍበት» አለችው። ልጁ አመስግኖ ብሩን ለደመላሽ ቆጥሮለት ሄደ። ደመላሽ ብሩን ሲቀበል ወደ እኅቱ ጀርባውን ሰጥቶ ነበር።

ራት ሽሮ ነበር። ልጆቹ ቀድመው በልተው ወጥተዋል። ሦስቱ ካንድ ሰሐን ቀረቡ። ማንም ስለ ክፍሉ አላነሣም፤ ስለ ሁሉም ነገር ተወራ እንጂ፤ ስለ ዱቄት፣ ስለ መብራት መጥፋት፣ ስለ ገብርኤል ንግሥ። መጨረሻ ላይ ደመላሽ እንጀራ ቆርሶ ሳይጎርሰው ያዘና «እታለም፣ ገቢዎች ምን አሉሽ?» አላት። እንደምንም ገንዘቡ ተገኝቶ የራሷ በር እንዲኖራት፣ እሱም ከራሱ ዓይን እንዲያርፍ ቀኑን ሙሉ ሲመኝ እንደዋለ ከፊቱ ያስታውቅ ነበር።

«አይመለስም አሉ። ሰኔ ሠላሳ ተቀብለሻል፣ መመሪያው ከሐምሌ አንድ ነው አሉኝ።»

«ሌሎቹስ?»

«እነሱ ሐምሌ አንድ ነው የተቀበሉት።»

ደመላሽ ጉርሻውን ሰሐኑ ላይ መለሰው። ያለፈው ወር ሁሉ ንዴት፣ የአበዳሪውም የሚስቱም የራሱም እፍረት፣ የሚወጣበት ቀዳዳ አገኘ። «በአንድ ቀን? በአንድ ቀን! ማነው ቅደሚ ያለሽ? ሰው ሁሉ ተሰልፎ በቀኑ ሲቀበል አንቺ ምን አጣደፈሽ? አይ እታለም! ድህነት እኮ እንዲሁ አይመጣም፣ እኛው ነን የምንጠራው። እስቲ ንገሪኝ፣ ምን ነበር እንዲያ የሚያስቸኩል?»

መስታወት «ተው አንተ» አለች ቀስ ብላ። ጥሩሸዋ ወንድሟን አየችው። ሠላሳ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ከጆሮው በላይ ሽበት ጀምሮታል፤ ሲናደድ የግንባሩ ሥር ይገተራል፣ ሙሉ ጤነኛ፣ ወፍራም የአንገት ሥር። ልትነግረው ትችላለች። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ብትነግረው ዛሬ ማታውን ፍራሿን ራሱ ተሸክሞ ወደ ክፍሉ እንደሚመልሰው፣ ተከራዩንም ነገ ከበር እንደሚመልሰው ታውቃለች፤ ከዚያ ግን እስኪሞት ድረስ ሲያያት አንገቱን እንደሚደፋ፣ እሷም ዛሬ በፊርማዋ ምን እንዳደረገችበት መጨመር እንዳለባት ታውቃለች።

«ቸኩዬ ነው» አለች።

«ቸኩዬ ነው!» አለ ደመላሽ ለሚስቱ፣ እንዲህ ያለውን ሰማሽ ወይ በሚል ዓይን፤ ሳቅም ንዴትም ያልሆነ ድምፅ ሊያወጣ ሲል ሽሮው ትን አለውና ሳለ። ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ ሳለ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። መስታወት ውሃ ልትቀዳ ተነሣች። ጥሩሸዋ ግን ሰሐኑን ተሻግራ፣ በጉልበቷ እንዳለች መዳፏን ግንባሩ ላይ አሳረፈች።  ደመላሽ ማሳሉን አቁሞ አፍጥጦ አያት።

«ምን ሆነሽ ነው? ትን እኮ ነው ያለኝ!»

«ያተኩስሃል?»

«ኧረ ምን ያተኩሰኛል? እታለም፣ ምን ነካሽ?»

መዳፏን ገልብጣ በጀርባውም ለካችው፤ ከዚያ አንገቱን፣ ከዚያ ደግሞ ግንባሩን። ቀዝቃዛ ነው። አላመነችውም። ደመላሽ እጇን ከፊቱ ላይ አነሣና ቀስ አድርጎ ጭኗ ላይ አስቀመጠላት፣ የተቀየመ እንዳይመስልበት ብሎ ትንሽ መታ መታ አደረጋት፤ ፊቱን ወደ ሰሐኑ መለሰ። ጥሩሸዋ ሌላ አልበላችም። እስኪጨርስ ድረስ አጠገቡ ተቀምጣ ትንፋሹን ታዳምጥ ነበር።